ተማሪውና ማሽኑ ይገናኙ

 

ዘንድሮ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ደጃፍ ለረገጣችሁ አዲስ ተማሪዎች፣ በመምህራንና በወላጆች ፊት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስለ መማርና ስለ መኖር ነው። ሰፊ ርዕስ ነው። ስለ ምዝገባ፣ ስለ ግሬድ አያያዝ፣ ስለ ካፌ ሰዓትና ስለ ዶርም ደንብ ሬጅስትራሩና ፕሮክተሮቹ በሚገባ ይነግሯችኋል፤ እኔ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝና እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ አንድ ጉዳይ ነው። በአገራችን ምህንድስና የሚማር ወጣት አምስት ዓመት ሙሉ ከወረቀት ጋር ሲታገል ይከርምና፣ ዕድሜ ልኩን ከሚሠራበት ማሽን ጋር በቅጡ ሳይተዋወቅ ጋውን ይለብሳል። ይህን የምለው ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም። ጉዳዩ የሁላችንም ነው፤ የተማሪውም፣ የመምህሩም፣ የወላጁም፣ የወርክሾፕ ቁልፍ የያዘው ኃላፊም።

እስቲ እዚህ እንዴት እንደደረሳችሁ እናስብ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አዲስ አበባና አዳማ የሚገኙት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይጨምራሉ። ስለዚህ ዛሬ ፊቴ የተቀመጣችሁት በአገሪቱ ካሉት ወጣቶች ሁሉ ፈተና ማለፍን አጥብቃችሁ የምታውቁ ናችሁ። ይህ በላባችሁ ያገኛችሁት ነው፤ ማንም አይወስድባችሁም።

ግን ይኸው ብርታት ግቢ ከገባችሁ በኋላ ሊጎዳችሁ ይችላል። ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጀምሮ የተለማመዳችሁት ፈታኙ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል ማሽተትን ነው። ግቢ ስትገቡ ደግሞ የመጀመሪያው ስጦታ ከሲኒየሮች የሚደርሳችሁ በቴሌግራም የተጠራቀመ የድሮ ፈተና፣ ወርክሺትና የተፈታ አሳይንመንት ነው። ሲኒየሩ ደግነት እያደረገ ነው፤ ለእሱም ሌላው እንዲሁ አድርጎለታል። ፍሬሽ ተማሪም ፋይሉን ያወርድና ማጥኛ ቦታ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ይቸክላል። መምህሩም የክፍሉ ብዛት ስላስጨነቀው ካለፈው ዓመት ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ያቀርባል። ሚድ ያልፋል፣ ፋይናል ያልፋል፣ ግሬድ ይመጣል። ሁሉም ወገን ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። የተማረ ነገር ግን የለም፤ ቢኖርም ክረምቱን አይሻገርም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በሁለተኛ ዓመት አፕላይድ ማቲማቲክስ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ትማራላችሁ። ብዙው ተማሪ ቀመሩን ይሸመድዳል፤ ሥሮቹ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲሆኑ ይህን ጻፍ፣ እኩል ሲሆኑ ያንን ጻፍ፣ ኮምፕሌክስ ሲሆኑ ሳይንና ኮሳይን አስገባ ይላል። ቆይቶ ኤሌክትሪካል የገባው ያንኑ እኩልታ በሰርኪዩት ኮርስ ውስጥ ያገኘዋል፤ ኮይል፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር ሆኖ። ሜካኒካል የገባው ቫይብሬሽን በሚባል ኮርስ ያገኘዋል፤ ክብደት፣ ስፕሪንግና ዳምፐር ሆኖ። ሁለቱም እንደገና በኮንትሮል ኮርስ ያገኙታል። አንድ እኩልታ በየመንገዱ ልብሱን እየለወጠ ሲመጣ ብዙዎቹ ልጆቻችን እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበሉታል፤ እንደ አዲስም ይሸመድዱታል።

እስቲ ያንን እኩልታ ይዛችሁ ቃሊቲ መንገድ ዳር ቁሙ። ሚኒባስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ተመልከቱት። አሞርዛተሩ ደኅና የሆነው አንዴ ዝቅ ብሎ ይረጋል። አሞርዛተሩ ያለቀው ደግሞ ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ እያለ እስከሚቀጥለው ጉድጓድ ድረስ ይዘላል። ኮምፕሌክስ ሥር የተባለው ይሄ ነው። ሳይንና ኮሳይን የገቡት መኪናው ስለሚዘል ነው፤ ፊታቸው ላይ የቆመው እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥር ደግሞ ዝላዩ እየደከመ መምጣቱን ይናገራል። ይህን አንድ ቀን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀመሩን ለመርሳት ይቸገራል። አራቱንም ኮርስ በአንድ ዓይን ያነባል። ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ መምህሩ አሥር ደቂቃ ሰጥቶ ተማሪዎቹን ከክፍል ይዞ ቢወጣ ይበቃል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። ልደታ ላይ በስዊድን ርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ተማሪዎቹ ሲሚንቶና ብሎኬት በገዛ እጃቸው እየፈተኑ የሚማሩበት ቤት ነበር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሥራ ጀመረ፤ ስሙም እንደሚናገረው ወርክሾፕን መሠረት አድርጎ የቆመ ተቋም ነው። የአዲስ አበባዎቹ ኮሌጆች በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰባሰቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ የሚበዙት በመምህርነት አገለገሉ። የዚያን ዘመን ሰዎች ስለ ተማሪነታቸው ስትጠይቋቸው ከክፍሉ ይልቅ ያንን ዓመት ያነሣሉ። የሚማሩት ትምህርት ለማን እንደሆነ ያዩት እዚያ ነው።

ያ ዘመን የጥቂቶች ዘመን እንደነበረ ግን አንርሳ። የስም ዝርዝሩ በአንድ ወረቀት የሚያልቅ ተማሪ ሲኖር ሁሉንም ቶርኖ ላይ ማቆም ይቀላል። እኔ ያንን ጥበት የሚናፍቅ ሰው አይደለሁም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ሲወስን፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ሲከፈቱ፣ መብራት ያልገባበት ቀበሌ የተወለደ ልጅ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ቢያጣጥለው አልቀበለውም። ያጠፋነው ከዚያ በኋላ ነው። ሕንፃው በፍጥነት ወጣ፣ ዶርሙ ተሠራ፣ ተማሪው ገባ፤ ማሽኑና ማሽኑን የሚያውቀው ቴክኒሽያን ግን በተማሪው ልክ አልመጡም። የመጣውም ማሽን አንዳንድ ቦታ ከነሳጥኑ ሰነበተ፤ የሚተክለው ባለሙያ አልታዘዘም፣ ሥልጠናው አልተሰጠም፣ ንብረት ክፍሉም ቢበላሽ በኃላፊነት እጠየቃለሁ ብሎ ቆለፈበት። እኔ በተማሪ እጅ የተበላሸ ማሽን አይቼ አላዘንኩም፤ በመቆለፍ ብዛት የዛገ ማሽን ሳይ ግን ሆዴ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ልውሰዳችሁ፤ የምለው ነገር ከሩቅ ሲወራ አይገባም።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ብረቱን ቶርኖ ላይ አስሮ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት ማውጣት፤ ጫፉ ላይ ኩሽኔታ ይገባል። በመማሪያ መጽሐፉ ሠንጠረዥ መሠረት ኩሽኔታው ሻፍቱን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ሲገባም እንዳይጎዳ፣ ሻፍቱ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ከ2 እስከ 15 ማይክሮን ድረስ መወፈር አለበት። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። እንግዲህ የተፈቀደላችሁ ስፋት ከአንድ ፀጉር አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ይህንን ቁጥር ፈተና ላይ የማይጽፍ ተማሪ የለም።

አንድ ቀን አንድ ቡድን ተማሪዎቼ ይህን ሻፍት ሠርተው በካሊፐር ለኩና ልክ ነው አሉ። እኔ ግን የወርክሾፑ ካሊፐር የሚያነበው በ20 ማይክሮን እየዘለለ መሆኑን አስታውሼ ማይክሮሜትር ሰጠኋቸው። ለኩ፤ 12 ማይክሮን ብልጫ አሳየ። ተደሰቱ፤ ከ2 እስከ 15 መካከል ነዋ! ከቡድኑ አንዲት ተማሪ ግን ሻፍቱን በመዳፏ ጨበጥ አደረገችና፣ «መምህር፣ ብረቱ እኮ ገና ትኩስ ነው» አለችኝ። ዝም አልኳት። ማስታወሻዋን አውጥታ አሰላች። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፤ 25 ሚሊ ሜትር ብረት በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 12 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ማይክሮሜትሩ ያሳየው ብልጫ በሙሉ ሙቀቱ ነበር ማለት ነው። ሻፍቱ ሲበርድ ከተፈቀደው በታች ይወርዳል፤ ኩሽኔታውም ልቅ ይሆናል፣ ልቅ የሆነ ኩሽኔታ ደግሞ ሻፍቱ ላይ እየዞረ ይበላዋል። አበረዱትና ለኩት። እንዳለችው ሆነ። ብረቱን ጥለው ሌላ አሰሩ።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የነበረውን ትምህርት ልብ በሉልኝ። የቁሳቁስ ሳይንስ አለበት፣ የልኬት ሳይንስ አለበት፣ የማሽን ዲዛይን አለበት። የሁሉም ቀመር በሃንድአውት ተሰጥቷል፤ ሁሉንም ተፈትነው አልፈዋል። ሁሉንም ያገናኘው ግን የአንዲት ልጅ መዳፍ ነው። ሞያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኛ ሞያ ከልብ ተነሥቶ እጅ ላይ ካልደረሰ ሞያ አይባልም።

ያቺ ተማሪ ሌላም መናገር ያለብኝን ነገር ታስታውሰኛለች። ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪዎች በቡድን ሲከፈሉ ማሽኑን የሚይዘው ወንድ ነው፣ ደብተሩን የሚይዘው ሴት ናት። ማንም አዝዞ አይደለም፤ ሳይነጋገሩ እንዲህ ይደላደላሉ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ይባላል፣ ሪፖርቱን እሷ ትጻፍ ይባላል። አምስት ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ ቀጣሪው «ሴቶቹ የተግባር ልምድ የላቸውም» ይላል። ልምዱን የከለከልናቸው እኛ ነን። እያንዳንዱ መምህር በሚቀጥለው የላብ ክፍለ ጊዜ ደብተሩንና ማሽኑን እጅ በእጅ ያለዋውጥ። ሴቶች ልጆቼም፣ ቦታችሁን ሰው እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ፀጉራችሁን ጠቅልላችሁ፣ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ቶርኖው ፊት ቁሙ። ከዚህ ጋር ለግቢ አስተዳደሮች የምለው አለ፤ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው። በጨለማ ፍራቻ አመሻሽ ላይ መጽሐፏን አጥፋ የምትሄድ ልጅ ከወንዱ እኩል አጠናች ማለት አይቻልም።

ወደ ዶርም እንሂድ። ወላጆች የልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ክፍሉ ብቻ ይመስላችኋል። ግማሹ ዶርም ነው። በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሲዳማ፣ ከመቀሌ የመጡ ልጆች ይኖራሉ። የአንዱ እናት የላከችው በሶ የሁሉም በሶ ነው፤ ጭኮው ሲመጣ ደግሞ የወሬውን ፍጥነት ኢንተርኔት አይደርስበትም። ላፕቶፕ ያለው አንድ ሊሆን ይችላል፤ አውቶካዱንም ማትላቡንም በተራ ይጠቀማሉ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተራው የደረሰው ተነሥቶ ይቀመጣል። ካፌ የማይስማማው ኖን ካፌ ይሆንና በወር የሚሰጠውን ብር ከጓደኛው ጋር አዋጥቶ ይበላል፤ በዛሬው ገበያ ደግሞ ያ ብር ወሩን አያደርሰውም።

የዶርም ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሲያስረዳ አብዛኛው ተማሪ ቃሉን ይሰማል፣ ነገሩ ግን አይደርሰውም፤ እጁን አውጥቶ እንዳይጠይቅም እንግሊዝኛው ያሳፍረዋል። ማታ ዶርም ውስጥ ከመካከላቸው የገባው ልጅ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ያብራራዋል። ቴርሞዳይናሚክስ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ነው። ያስረዳው ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይማራል፤ ያልገባው ቦታ የሚታወቀው ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ነውና። ይህን የሌሊት ትምህርት ማንም በሥርዓተ ትምህርት አላስገባውም፣ ክሬዲትም የለውም። እኔ ግን የአገራችን ምህንድስና ትልቁ ክፍል በዚህ ቆሟል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከእናንተ ቋንቋ ሌላ ከሚናገር ልጅ ጋር ምደባችሁ ሲደርሳችሁ አትቀያየሩ። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በብሔር ምክንያት በተነሣው ግጭት የልጆች ሕይወት ጠፍቷል፤ ትምህርታቸውን ጥለው በየአውቶቡስ ተራው ያደሩም ነበሩ። ያንን ያመጣው ከግቢ ውጪ ያለው ፖለቲካ ነው፤ ልጆቹን አንድ ያደረጋቸው ግን አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ አብረው ማጎንበሳቸው ነው።

ስለ መውደቅም በግልጽ እንነጋገር፤ ማንም ስለማያነሣው ብዙ ልጆች ብቻቸውን ይሰቃያሉ። በወረዳው አንደኛ የነበረ ልጅ ግቢ ገብቶ የመጀመሪያው ሚድ ላይ ከ30 ስምንት ያገኛል። በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ነገር ስለሆነ ለማንም አይናገርም። አባቱ ሲደውሉ «ደኅና ነኝ አባባ፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው» ይላል። ዋርኒንግ ይመጣል፣ ፕሮቤሽን ይመጣል፣ አንዳንዱ ይባረራል፤ ቤቱ ግን ገና አልሰማም። ወላጆች፣ «የተማረ ይግደለኝ» እያላችሁ ያሳደጋችሁት ልጅ የእናንተን ፊት ከዲኑ ፊት አብልጦ ይፈራል። ስትደውሉ ግሬድ አትጠይቁት። የቱ ኮርስ እንደከበደው፣ ከማን ጋር እንደሚያጠና ጠይቁት። ተማሪዎችም፣ ስምንት ያገኛችሁ ቀን ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ መምህሩ ቢሮ ሂዱ። የተባረረም ቢሆን ሪአድሚሽን ጠይቆ ተመልሶ የተመረቀ፣ ዛሬ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አውቃለሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ትወጣላችሁ። እኔ ከአምስቱ ዓመት ይህን ሴሚስተር አስበልጣለሁ። ብዙ ተማሪ ግን የሚሄደው ደብዳቤው ላይ ማኅተም ለማስመታት ነው፤ ፋብሪካውም «ማሽን አትንኩ፣ ቢሮ ተቀመጡ» ብሎ ያከርማቸዋል። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተማሪዎቼን ልጎበኝ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው። ከሚዞረው ሞተር አጠገብ ጎንበስ ብለው የካቻቪቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ አሳረፉ፤ እጀታውን ከጆሯቸው ጋር አጣበቁ። ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ምን ይሰማሉ?» አላቸው። «ና፣ አንተም ስማ» ብለው ካቻቪቴውን ሰጡት። «አሁን ሲጮህ ከስር ቋ ቋ ቋ የሚል አለ አይደል? የውስጡ ቀለበት ተልጧል። አርብ ሳይደርስ ይቆማል።»

ልጁ ደብተሩን አውጥቶ የሞተሩን ዙር ከታርጋው አነበበ፤ በኩሽኔታው ውስጥ ያሉትን ኳሶች ቁጥር ከካታሎግ ፈለገ፤ የተላጠ ቀለበት በሰከንድ ስንት ጊዜ መምታት እንዳለበት አሰላ። ቫይብሬሽን ኮርስ ላይ የተማረው ነው። ከዚያም በስልኩ ድምፁን ቀድቶ ፍሪኩዌንሲውን የሚያሳይ አፕሊኬሽን ላይ አየው። ያሰላው ቁጥርና የታየው ቁጥር ተቀራረቡ። መካኒኩ ወደ ስልኩ አጎንብሰው አይተው፣ «እንዲህ በቁጥር ይታያል እንዴ?» አሉ። ሁለት ዕውቀቶች ተገናኙ። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ከጋሼ ጎን አልተለየም፤ ጋሼም ከእሱ አልተለዩም። ኢንተርንሺፕ ማለት ይህ ነው። ፋብሪካ ስትሄዱ ቱታ ልበሱ፤ ጠዋት ከሠራተኛው ጋር ግቡ፤ ዲግሪ የሌለውን ሰው «ያስተምሩኝ» በሉት።

የመውጫ ፈተናውን ሳላነሣ ብቀር ትዘቡኛላችሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። እኔ ፈተናውን እደግፋለሁ፤ የማለፊያ ግሬድ በልግስና የሚታደልባቸውን ቦታዎች አጋልጧል። ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። ሻፍቱ ትኩስ መሆኑን አይጠይቅም፤ ካቻቪቴውንም ጆሮ ላይ አያስደርግም። አሁን በየዲፓርትመንቱ አምስተኛ ዓመት ላይ የማየው ነገር ያሳስበኛል፤ ፕሮጀክቱ ይገፋል፣ ወርክሾፑ ይዘጋል፣ ተማሪው ወደ ምርጫ ጥያቄ ልምምድ ይመለሳል። የትምህርት ሚኒስቴር ከጽሑፉ ጎን ለምህንድስና የተግባር መመዘኛ ቢያክል፣ በማግሥቱ የስንቱ ወርክሾፕ ቁልፍ እንደሚገኝ ታያላችሁ።

ቻትጂፒቲን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የላብ ሪፖርት በደቂቃ ይጽፋል፤ ማሽኑን ነክታችሁ ባታውቁም እንኳ። ተጠቀሙበት፤ ያልገባችሁን ጠይቁት፣ እንግሊዝኛችሁን አቅኑበት። ያልለካችሁትን ቁጥር ግን አታስጽፉት። ያልተለካ ቁጥር በሪፖርት ላይ ማስፈር ውሸት ነው፤ በሞያችን ደግሞ ውሸት ሕንፃ ይንዳል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 13 ተርባይኖች። ሁላችንም ኮርተናል፤ ከደሞዙ ያዋጣ ሁሉ ይኩራ። መሐንዲስ ግን ከምረቃው ማግሥት ያለውን ያስባል። እነዚያ 13 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው በኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ። ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ይላጣል፣ ይቀየራል፤ ዘይቱ ይመረመራል፣ ድምፁ ይደመጣል። ይህ ሥራ ከእንግዲህ ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል። የሚሠራው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱ ወይም አንዷ ናት። ያን ጊዜ ቴሌግራም ላይ የድሮ ፈተና አይፈለግም።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ተማሪዎች፣ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ነገር በእጃችሁ ሠርታችሁ ውጡ። ትንሽ ይሁን፤ የተበላሸ ፓምፕ መጠገንም፣ የዶርማችሁን መብራት በሰንሰር ማብራትም፣ የካፌውን የእንጀራ ምጣድ የኃይል ፍጆታ መለካትም ይበቃል። በክበብ ተደራጁ፤ መምህራችሁን ጎትቱት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ክረምት ቤት ሲመጣ «እጁ ቆሸሸ» ብላችሁ አትዘኑ፤ ሰፈራችሁ ካለው ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ውሎ ይምጣ፣ ራሳችሁ ውሰዱት። ባለ ፋብሪካዎች፣ ኢንተርን የምትቀበሉ ከሆነ ቱታ ስጧቸው፤ አንድ ልምድ ያለው ሠራተኛም መድቡላቸው።

የተከበራችሁ የዲፓርትመንት ኃላፊዎችና ዲኖች፣ ከእናንተ የምለምነው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ማሽን እስኪገዛ አንጠብቅ። ያሉትን ማሽኖች ተማሪው ከላብ ክፍለ ጊዜ ውጪ እንዲጠቀምባቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፑን ክፈቱለት። ለቴክኒሽያኑ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ፍቀዱ፤ ስለሚሰበር መቁረጫ ተማሪውን አታስከፍሉት፤ የደኅንነት ሥልጠና የወሰደ ተማሪ ስሙን ፈርሞ ይግባ። ቅዳሜ ጠዋት የሚቆጣጠር መምህር ከጠፋ እኔ እመጣለሁ፤ ያለ ክፍያ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ መምህራንም ፈቃደኞች እንደምትሆኑ እርግጠኛ ነኝ፤ ከመድረኩ ስወርድ ስማችሁን የምጽፍበት ወረቀት ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። የዚህ ሴሚስተር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ወርክሾፑ ይከፈት።